ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? የትኬቱ ቁጥር ቤተሰቡን አጣላ

የደብረ ብርሃኗ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እናቴ ጥምቀትን አገር ቤት አክብራ በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ዘንድ ልትመጣ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። በዕድሜዋ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ብቻዋን ነው የምትመጣው። ትኬቱን ከዚህ ቆርጬ ለታላቅ ወንድሜ ላክሁለት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ እረፍት የለውም።

ትኬቱ እንዲህ ይላል። ከቦሌ እሑድ 22፡30 ተነሥታ ዋሽንግተን ደለስ ሰኞ 08፡00 ትደርሳለች። መመለሻው በየካቲት አጋማሽ ነው፤ ከደለስ 11፡00 ተነሥታ በማግሥቱ 07፡30 ቦሌ ትገባለች። ወንድሜ ሰዓቱን ቀንሶ «መሄጃው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው ሃያ ሰዓት ተኩል ነው» ብሎ ነገራት። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ «መሄዱንስ እችለዋለሁ፣ መመለሱ ግን ይገድለኛል» እያለች ነው።

እኔ በበኩሌ ርቀቱን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ አገኘሁት። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ከተባለ አሥራ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የትኬቱ ግርጌ ላይ ደግሞ መሄጃው 17 ሰዓት ከ30፣ መመለሻው 12 ሰዓት ከ30 ተብሎ ተጽፏል። ከተሞቹ እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ መሄጃው ከመመለሻው በአምስት ሰዓት የሚበልጠው ለምንድን ነው? የትኛውንስ ቁጥር ልንገራት?

አንድ ነገር ልጨምር። የደም ግፊት መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ ትወስዳለች፣ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ። በጉዞው መሐል እንዴት ታድርግ?

የፒያሳው

ቀላል ነው እኅቴ። ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። ወደ ምሥራቅ ስትበሪ ከምድር ጋር ስለምትሄጂ ይፈጥናል፤ ወደ ምዕራብ ስትበሪ ምድርን እየተቃወምሽ ስለሆነ ይዘገያል። አለቀ።

ጡረተኛው ዲስፓቸር

የፒያሳው ወንድሜ፣ ምድርን ለቀቅ አድርጋት፤ የለችበትም። አየሩ ራሱ ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። እንዲያ ባይሆን ኖሮ አዲስ አበባ ከምድር ጋር በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትጓዝ፣ ከቦሌ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ አንድ ሰዓት አየር ላይ የቆመ ሄሊኮፕተር ሲወርድ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ድንበር አካባቢ ባረፈ ነበር። ደግሞም በአንተ ሒሳብ ዋሽንግተን ራሷ እየተዞረች ወደ እኛ ስለምትመጣ መሄጃው ነበር ማጠር ያለበት።

የደብረ ብርሃኗ፣ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት በዚህ ሥራ ላይ ነው። ዲስፓቸር ማለት አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት መንገዱን፣ ነፋሱን፣ ክብደቱንና ነዳጁን አስልቶ ከአብራሪው ጋር የሚፈርም ሰው ነው። አብራሪው በፎቶ ይታያል፣ እኛ አንታይም። ስለዚህ ጠያቂ ሳገኝ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የወንድምሽን ሒሳብ እናንሣ። ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻ በተነሡበት ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በደረሱበት ከተማ ሰዓት ነው። በጥርና በየካቲት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ መሄጃው ላይ ስምንት ይደመራል፣ መመለሻው ላይ ስምንት ይቀነሳል። ዘጠኝ ተኩሉ አሥራ ሰባት ተኩል ይሆናል፤ ሃያ ተኩሉ አሥራ ሁለት ተኩል ይሆናል። ወንድምሽ ካላመነ የእሱን ሁለት ቁጥሮች ደምሪለት፣ ሠላሳ ይመጣል። የትኬቱን ግርጌ ሁለት ቁጥሮችም ደምሪለት፣ እነሱም ሠላሳ ናቸው። የሰዓቱ ልዩነት በመሄጃ የወሰደውን በመመለሻ ስለሚከፍል ደርሶ መልሱ ሲደመር ልዩነቱ ራሱን ይሰርዛል። ለእናትሽ የምትነግሪያቸው እንግዲህ ይህን ነው፦ ከባዱ መሄጃው ነው፤ መመለሻው ይቀላል። እስካሁን የሰሙት ተገላቢጦሹን ነው።

አሁን ወደ አምስቱ ሰዓት ልምጣ። ሦስቱ የነፋስ ነው፣ ሁለቱ የቦሌ ነው።

ነፋሱ እንዲህ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በክረምታቸው፣ ማለትም እናትሽ በሚመጡበት ወቅት፣ ይበረታል። ለምሳሌ ያህል በመላው መንገድ በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሁን እንበል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ 900 ይበራል፤ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ግን ከመሬቱ አንጻር የሚጓዘው 800 ብቻ ነው፣ ሲመለስ 1,000 ይሆናል። 11,560ን ለ800 ብታካፍዪ አሥራ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ለ1,000 ብታካፍዪ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። በሁለቱም ላይ ለመንደርደር፣ ለመውጣትና ለመውረድ አንድ ሰዓት ጨምሪ። መመለሻው አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ፤ ትኬትሽ የሚለውም ይህንኑ ነው። መሄጃው አሥራ አምስት ተኩል ላይ ቆመ። ሁለት ሰዓት ይቀረናል።

የቀረው ሁለት ሰዓት ቦሌ ተራራ ላይ በመሆኑ የምንከፍለው ነው። አየር ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ደለስ ግን መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚሸከመው ያንሳል። ያው ክብደት ከመሬት እንዲነሣ አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው ላይ ከደለሱ በ12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሮጥ አለበት፤ ጎማዎቹ ደግሞ የተፈቀደላቸው የፍጥነት ጣሪያ አላቸው። ከ3,700 ሜትር በላይ የሆነ መንደርደሪያ አለን፣ እሱም አልበቃንም። ስለዚህ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅም ሞልቶ ከቦሌ መነሣት ይከብዳል። ከሁለቱ አንዱ ይቀነሳል። የሚቀነሰው ነዳጁ ነው፤ እሱም መንገድ ላይ፣ ዝቅ ባለ ከተማ ይሞላል። መውረዱ፣ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ገደማ መቆሙ፣ እንደገና መውጣቱ ሁለቱን ሰዓት ይበላል።

በነገራችን ላይ 22፡30 ማለት በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4፡30 ነው። በሌሊት መነሣት ለመንገደኛ ማገናኛ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ የሌሊት አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ወፍራም ነው፣ ጥቂት ቶን ያስጭናል። ቀትር ላይ ከቦሌ ለረጅም በረራ ስንነሣ ወረቀቱን ስፈርም ላብ ያሰምጠኝ ነበር።

አቢ ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለምን የተወሰነ ሰው ቀንሰው በአንድ ትንፋሽ አይሄዱም? መሐል ላይ ለማረፍ የሚሄዱበት ጥምዝ መንገድስ ርቀቱን አያበዛውም?

ጡረተኛው ዲስፓቸር

ጥሩ ጠየቅህ፤ ከኋለኛው ልጀምር። ጠፍጣፋ ካርታ ያታልላል። ሉል ላይ፣ ተማሪ ቤት ያለችዋ ክብ ምድር ላይ፣ ክር ወጥረህ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ሳብ። ክሩ ወደ ምዕራብ አይሄድም፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ አልፎ ሜዲትራኒያንን ይሻገርና በስፔን በኩል ነው አትላንቲክ የሚገባው። አውሮፓ እንግዲህ በር ላይ ናት። ሮም አርፈህ ብትሄድ ከቀጥታው በ150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይረዝማል። ዱብሊን ካርታው ላይ ሩቅ ሰሜን ትመስላለች፣ እሷም የምትጨምረው ሦስት መቶ አይሞላም። ሎሜ በምዕራብ አፍሪካ በኩል ነች፣ ወደ 1,200 ይጠጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተለያዩ ዓመታት በእነዚህ ሁሉ አርፏል፤ የሚመረጠው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፣ መሐል ላይ የሚሳፈር ሰውም ገበያ ነው።

ይህ ሁሉ የክሩ ሒሳብ ነው። አውሮፕላን ክሩን ተከትሎ የሚሄደው አገር ሰላም ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የአየር ክልሉ ተዘጋ፤ ከቦሌ ወደ አውሮፓ ለሚወጣ ሁሉ በሩ ላይ ድንጋይ እንደ መቀመጥ ነበር። ዙሮ መሄድ ነዳጅ ነው፣ ነዳጅ ደግሞ ክብደት ነው፣ ክብደት ከቦሌ አይነሣም። ሁሉም እዚያው ይመለሳል።

ሰው ስለ መቀነስ የጠየቅኸው ይቻላል፣ ግን ማን ይከፍላል? ቦይንግ 787 በሰዓት አምስት ቶን ገደማ ነዳጅ ይበላል። አሥራ አምስት ሰዓት ቢበር ሰባ አምስት ቶን ነው፤ መጠባበቂያው ገና አልተቆጠረም። መጨረሻ ላይ የምትጠቀምበትን ነዳጅ ለመሸከም ራሱ መጀመሪያ ላይ ነዳጅ ይቃጠላል። ያንን ለማስተናገድ ወንበር ባዶ አድርገህ ስትነሣ የቀሩት መንገደኞች ትኬት ይወደዳል፣ ጭነቱም ይቀራል። ባዶ ወንበር ከመሸከም አንድ ሰዓት ቆሞ ነዳጅ መሙላት ይረክሳል። ቢሾፍቱ አካባቢ፣ አቡሴራ፣ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ያ ሲሠራ ይህን ጥያቄ እንደገና ጠይቀኝ፤ በሕይወት ካለሁ።

መመለሻው ቀላል መሆኑ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1984 አንድ አዲስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ መሐል ላይ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። በጊዜው ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። ልብ በል፣ ክሩ 11,560 ነው፣ የበረሩት ግን 12,082። በአየር ላይም መንገድ ይታጠፋል። ከቦሌ ወደዚያ ሞክሩ ቢባሉ ግን ሌላ ታሪክ ነበር። የተነሡት ከዝቅታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ጋሼ ያስተማሩን ሁሉ እሰየው ነው፣ እኔ ግን ለእናትየው የሚሆን ነገር ልጨምር፤ ጉዞው የሚፈተነው እዚያ ላይ ነውና።

እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ንገሪያቸው፦ አውሮፕላኑ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ አሜሪካ አይደለም። አክስቴ ስትመጣ ዱብሊን ላይ ጎማው መሬት ሲነካ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እሷም አብራ አጨብጭባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከላይ ያለውን ቦርሳ አስወርዳ፣ መተላለፊያው ላይ ቆመች። አስተናጋጇ «ተቀመጡ» ስትላት «ልጄ ውጭ ብርድ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው» ብላ አልተቀመጠችም። ነዳጅ ለመሙላት ብቻ ሲቆም ብዙውን ጊዜ መንገደኛ ከመቀመጫው አይነሣም። ስለዚህ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፊላቸው፦ «መጀመሪያ ሲያርፍ አልወርድም። ሁለተኛ ሲያርፍ እወርዳለሁ።» ከታች ስልክሽንና አድራሻሽን በእንግሊዝኛ። ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር።

ጉልበታቸውን ካመማቸው ዊልቸር አሁኑኑ አስመዝግቢ፣ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት። ገንዘብ አይጠየቅበትም። «እኔ ሽባ ነኝ ወይ?» ይላሉ፣ የእኔም እናት ብላለች። ዊልቸሩ ለእግር ብቻ አይደለም፤ የሚገፋው ሰው ኢሚግሬሽን ድረስ ይዟቸው ይሄዳል፣ ሻንጣቸውንም ያወርድላቸዋል፣ መውጫውንም ያሳያቸዋል። ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ይህ ከወንበሩ ይበልጣል።

ደለስ ላይ ደግሞ ከአውሮፕላኑ ወጥተው ወደ ኢሚግሬሽን የሚወስዳቸው ባለ ከፍተኛ ጎማ ክፍል የመሰለ ተሽከርካሪ ሊሆን ይችላል። አክስቴ «ሌላ አውሮፕላን ውስጥ አስገቡኝ» ብላ እዚያ ውስጥ አልቅሳለች። አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ቋንጣ አታስይዢ። በርበሬና ሽሮ ያልፋል፣ ሥጋ ግን በምንም መልኩ አያልፍም። የያዙትን የምግብ ዓይነት ሁሉ ሲጠየቁ ይናገሩ።

ሰዓቱን ከቤት እስከ ቤት ቁጠሪው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከነከተማው መጨናነቅ ሦስት ሰዓት ያዢለት። ቦሌ ከበረራው ሦስት ሰዓት በፊት መድረስ አለባቸው፣ መንገዱም ቢበላሽ ብለሽ ትርፍ ሁለት ሰዓት ያዢ። በረራው አሥራ ሰባት ተኩል። ደለስ ወረፋና ሻንጣ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት። ሃያ ስምንት ሃያ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። ስለዚህ በደረሱበት ቀን ዘመድ አትጥሪባቸው። ቡና እንኳ በማግሥቱ ይሁን።

በፋርማሲ የምሠራ

መድኃኒቱን አሰላሁልሽ። አዲስ አበባ ላይ የማታውን 1 ሰዓት ወስደው ይነሣሉ። የሚቀጥለው በአዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ በረራው ከተጀመረ ስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ ማለት ነው፣ የነዳጅ ማረፊያው አካባቢ ይውላል። ቀጣዩ የአዲስ አበባ ማታ 1 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ላይ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። ከደለስ መንገድ ላይ ወይም ቤት ገብተው ይወስዱታል። ስለዚህ የእጅ ሰዓታቸውን በአዲስ አበባ እንደሞሉት ይተዉት፣ አንዳች ነገር ማስላት አይጠበቅባቸውም። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ሰዓት እንዴት እንደሚዛወሩ እዚያ ያለው ሐኪማቸው ከመነሣታቸው በፊት ይንገራቸው፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። ክኒኑ ከነማሸጊያው በእጅ ቦርሳ ይያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ በፍጹም።

በየሰዓቱ ውኃ ይጠጡ፣ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ። መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ብለው ውኃ የሚተዉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ከመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዢላቸው።

የደብረ ብርሃኗ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጋሼን መልስ ለወንድሜ ላክሁለት። ሠላሳውን ደምሮ አየው፣ ከዚያ «እኔስ መቼ ሌላ አልሁ?» አለ። እናቴ መመለሱ እንደሚቀል ስትሰማ ሌላ ሐሳብ አመጣች፤ «እንዲህ ከቀለለማ ለፋሲካ ልቆይ» እያለች ነው። ቀኑን ባስቀይረው ሰዓቱ ያው ይሆናል?

ጡረተኛው ዲስፓቸር

አይሆንም ልጄ። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፣ እኛ አንነካውም። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ሰባት ነው። 11፡00 ተነሥተው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢበሩ ቦሌ የሚደርሱት 06፡30 ይሆናል እንጂ 07፡30 አይሆንም። አየር መንገዶችም በዚያው ሰሞን መርሐ ግብራቸውን ስለሚቀይሩ መነሻው ራሱ ሊለወጥ ይችላል። በአሮጌው ትኬት አትመሪ፤ ሲቀየር የሚላክልሽን አንብቢ። ቀኑን የምታስቀይሪው ደግሞ እናትሽ ከመነሣታቸው በፊት ይሁን፤ የኢሚግሬሽኑ ሰው መቼ እንደሚመለሱ ሲጠይቃቸው ትኬቱና መልሳቸው አንድ እንዲሆን። ምን ያህል እንዲቆዩ እንደሚፈቀድላቸው የሚወሰነውም እዚያው ስለሆነ፣ እንደገቡ የተሰጣቸውን ቀን ተመልከቺ።

ለወንድምሽም ንገሪው፤ እንግዳ ለመቀበል ቦሌ ሲሄድ 06፡30 ማለት ከንጋቱ 12፡30 ነው።